ባናውን ማን ሠራው?

ወረኢሉ፣ ካቤ ወይም መካነ ሰላም አካባቢ ያደጋችሁ ከሆነ ባናን ለእናንተ ማስተዋወቅ ለቀባሪው ማርዳት ነው። ወፍራም፣ ከበድ ያለ፣ ጥቁር ወይም ቡናማ፣ ሰውነት ላይ የሚኮሰኩስ፣ ሲረጥብ ደግሞ በግ በግ የሚሸት ብርድ ልብስ ነው። ከተማ ያደጋችሁትም አያት ቤት ሄዳችሁ ሌሊት ላይ «ይህን ደርብ፣ ይበርድሃል» ተብሎ የተጣለባችሁ ነገር ምናልባት እሱ ሊሆን ይችላል። ባና፣ ዝተት፣ በርኖስ፣ መሬት ላይ የሚነጠፈው የሱፍ ስጋጃ፣ ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። አባታቸው በግ ነው፤ እናታቸው ግን ማን ናት?

«ባናውን ማን ሠራው?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «ሸማኔው ነዋ!» ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህን መልስ በቁጥር እንፈትሸዋለን። ከዚያ በፊት ግን አንድ ቀላል የሚመስል ጥያቄ አለ።

ለምን የበግ ፀጉር? ጥጥ ምን ጎደለው?

ወረኢሉ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከደሴ ስትመጡ የምታልፉበት ጉጉፍቱ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀዘቅዛል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች፣ ሂሳቡን ብትሠሩት ወረኢሉ ከኮምቦልቻ ከ5 ዲግሪ በላይ ትቀዘቅዛለች ማለት ነው። ይህ ገና አማካዩ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ሲል፣ መሬት ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ወደ ሕዋ ትለቀዋለች፤ መልሶ የሚይዝላት ደመና የለም። ጠዋት ስትነሱ ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ይጠብቃችኋል።

እግረ መንገዴን ላንሳና፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ ሲዘምቱ የሸዋን ሠራዊት የቀጠሩት ወረኢሉ ላይ ነበር፣ ያውም ለጥቅምት እኩሌታ። ታሪክ ስንማር ስለ ጠመንጃውና ስለ መድፉ ብዙ ይነገረናል። ያ ሁሉ ሰው በዚያ ውርጭ ምን ለብሶ አደረ ብለን ግን ብዙም አንጠይቅም።

ወደ ፊዚክሱ እንመለስ። ብርድ ልብስ ሙቀት አይፈጥርም። የሚሠራው ሥራ የእናንተን ሙቀት እንዳይሸሽ ማዘግየት ነው። ይህን በደንብ የሚያደርገው ደግሞ ፀጉሩ ራሱ ሳይሆን በፀጉሩ መካከል ተይዞ መንቀሳቀስ ያቃተው አየር ነው። የቆመ አየር ሙቀት በማስተላለፍ በጣም ደካማ ነው፤ ውሃ በአንጻሩ ከአየር ከ20 ጊዜ በላይ ያስተላልፋል። የረጠበ ጋቢ የሚያንቀጠቅጠው ለዚህ ነው፦ አየሩ የነበረበትን ቦታ ውሃ ወሰደበት።

የበግ ፀጉር እዚህ ላይ ሁለት ብልሃት አለው። አንደኛው፣ እያንዳንዱ ፀጉር እንደ ምንጭ ሽቦ የተጠማዘዘ ስለሆነ ተጨፍልቆም ተመልሶ ይነሳል፤ አየር የሚይዝበትን ክፍተት ቶሎ አያጣም። በተለይ ለስላሳው የውስጥ ፀጉር ሁለት ዓይነት ሕዋሳት ጎን ለጎን ስላሉት ባሕሪያቸው ይለያያል፤ አንዱ ወገን ሲሳብ ሌላው ስለማይከተለው ፀጉሩ ይጠማዘዛል። ሁለተኛው ብልሃት ይበልጥ ይገርማል። የፀጉሩ ውጫዊ ሽፋን እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበና ቅባትነት ያለው በመሆኑ የውሃ ጠብታን ይገፋል። ውስጡ ግን የውሃ እንፋሎትን ይወዳል። ብዙም በማይረጥብ ተራ አየር ውስጥ እንኳ ሱፍ የክብደቱን 16 በመቶ ያህል እርጥበት ይይዛል፤ ጥጥ 8 በመቶ ያህል ነው፣ ፖሊስተር ደግሞ ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። ሱፍ የክብደቱን ሲሶ ያህል እርጥበት እስኪጠጣ ድረስ ስትነኩት «እርጥብ ነው» አትሉም። ጭራሽ እርጥበቱን በሚጠጣበት ጊዜ ከውሃው ጋር ስለሚጣበቅ ጥቂት ሙቀት ይለቃል። በክረምት ጉም ውስጥ በግ የሚጠብቅ ልጅ ባናውን ተከናንቦ ሲውል ይህን ሁሉ ኬሚስትሪ ትከሻው ላይ ተሸክሞ ነው።

አንድ ፀጉር እንዴት 2 ኪሎ ሜትር ይሆናል?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እየተጠጋን ነው። ከአገራችን የደጋ በግ የሚሸለተው ፀጉር ርዝመቱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው። ባና ውስጥ ያለው ክር ግን በሜትር ሳይሆን በኪሎ ሜትር የሚለካ ነው። ሙጫ የለ፣ ቋጠሮ የለ። ታዲያ አጭሩን ከአጭሩ የያያዘው ምንድን ነው?

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲባል ሰምታችኋል። መልሱ በከፊል እዚያ ውስጥ አለ፤ ማበሩ ብቻ ግን አይበቃም። ሞክሩት። ትንሽ ጥጥ ወይም የበግ ፀጉር ውሰዱና በሁለት ጣት ሳብ አድርጉት። ያለ ምንም ትግል ተንሸራቶ ይለያያል። አሁን ሌላ ውሰዱና እየሳባችሁ አጠንጥኑት፣ ማለትም አክሩት። በድንገት ይጠነክራል። ምክንያቱ ሰበቃ ነው። ፀጉሮቹ እርስ በርስ ሲጠመዘዙ፣ ጫፍና ጫፉን በሳባችሁት ቁጥር ውጪ ያሉት ወደ ውስጥ ይጫናሉ፣ ውስጥ ያሉትን ጨምቀው ይይዛሉ። ጫናው ሲጨምር ሰበቃው ይጨምራል፤ ስለዚህ ክሩ በተሳበ ቁጥር ይበልጥ ይተሳሰራል። በበግ ፀጉር ላይ ደግሞ ያ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበው ሽፋን ይጨመርበታል።

ይህን ማክረሪያ መሣሪያ ታውቁታላችሁ፦ እንዝርት። ቀጭን እንጨት፣ ከጫፉ አጠገብ ከበድ ያለች ክብ ነገር። ክቧ ለጌጥ አይደለችም። ክብደቱ ከመሐሉ ራቅ ብሎ በዙሪያው ሲቀመጥ እንዝርቱ አንዴ ከተሽከረከረ ቶሎ አይቆምም፤ በራሪ ጎማ የሚባለው የሞተር ክፍልም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። ፈታይዋ እንዝርቱን ጭኗ ላይ አሽከርክራ ትለቀዋለች፣ በሌላው እጇ ፀጉሩን እየመጠነች ትለቃለች። መጠኑን የሚወስነው የጣቷ ስሜት ብቻ ነው። ፀጉሩ ከበዛ ክሩ ይወፍራል፣ ካነሰ ይበጠሳል። ለድር የሚሆነው ክር ደግሞ ዕቃው ላይ ተወጥሮ የሚቆም ስለሆነ ጠበቅ ብሎ መክረር አለበት፤ ማጉ ላላ ቢልም ችግር የለም፣ እንዲያውም ላላ ያለ ማግ አየር ስለሚይዝ ይሞቃል። አንዲት እናት እሳት ዳር ተቀምጠው እየተጨዋወቱ ሲፈትሉ ብታዩ፣ እነዚህን ሁሉ ውሳኔዎች በየሰኮንዱ እየወሰኑ ነው።

ቀለሙስ? ብዙ ባና ቀለም አይነከርም። ጥቁሩም ቡናማውም በበጉ ቆዳ ውስጥ የተሠራ ነው፤ የእኛን ፀጉርና ቆዳ የሚያጠቁረው ሜላኒን የሚባለው ነገር ነው። ፀጉሩ ውስጥ ስለተቀመጠ ሲታጠብ አይለቅም። ግራጫ ከተፈለገ ደግሞ ነጭና ጥቁር ፀጉር አብሮ ተነድፎ ይፈተላል። ከሩቅ ዓይናችን ሁለቱን መለየት ስለማይችል ግራጫ አድርጎ ያየዋል። የስልካችሁ ስክሪንም ቀለም የሚፈጥረው በተመሳሳይ ማታለያ ነው።

ሂሳቡ ይሠራ

እሺ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ አውጡ። ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ስፋቱ 1.5 ሜትር የሆነ ባና አለን እንበል። በአንድ ሴንቲ ሜትር ውስጥ 4 ድርና 4 ማግ ይኑረው፤ ወፍራም ክር ስለሆነ ይህ ምክንያታዊ ግምት ነው።

በስፋቱ 150 ሴንቲ ሜትር በ4 ሲባዛ 600 የድር ክር ይመጣል። እያንዳንዱ 2 ሜትር ነው፣ ድምር 1,200 ሜትር። በርዝመቱ 200 ሴንቲ ሜትር በ4 ሲባዛ 800 የማግ መስመር፣ እያንዳንዱ 1.5 ሜትር፣ ድምር እንደገና 1,200 ሜትር። በጠቅላላው 2,400 ሜትር ክር። አንድ ባና ለብሳችሁ ስትተኙ 2.4 ኪሎ ሜትር ክር ለብሳችኋል ማለት ነው።

አንዲት ጎበዝ ፈታይ በሰዓት 60 ሜትር ብትፈትል 40 ሰዓት ይፈጅባታል። ያለ ዕረፍት! በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ ብታገኝ፣ ያውም ውሃ ቀድታ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ልጅ አስተኝታ፣ 20 ምሽት ነው። ይህ ደግሞ መፍተሉ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ፀጉሩ ይለቀማል፣ ይታጠባል፣ በደጋን ይነደፋል። ከአንድ የደጋ በግ በአንድ ጊዜ የሚሸለተው ፀጉር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ኪሎ እንኳ ስለማይሞላና ሲታጠብ ደግሞ ስለሚቀንስ፣ ለአንድ ከበድ ያለ ባና የበርካታ በጎች ፀጉር መሰብሰብ አለበት።

አሁን ሽመናውን እንይ። ሸማኔው መወርወሪያውን በእጁ ስለሚወረውር ከእጁ መዘርጋት በላይ ሰፊ ጨርቅ መሥራት አይመቸውም። ስለዚህ ሁለት ጠባብ ቁራጭ ሠርቶ ጎን ለጎን ይሰፋል እንበል። ሁለት ጊዜ 800፣ ማለትም 1,600 ውርወራ። በደቂቃ 10 ቢወረውር 160 ደቂቃ፣ ከሦስት ሰዓት በታች። ድሩን ማድራቱ፣ 600 ክር አንድ በአንድ ማስገባቱ፣ ክር ሲበጠስ መቀጠሉ፣ ቀሰም መለወጡ ሲታከል አንድ ሁለት ቀን ይሆናል። ቀላል ሥራ ነው እያልኩ አይደለም። እግር ጉድጓድ ውስጥ ሰዶ፣ ጎንበስ ብሎ መዋል ወገብ የሚበላ ሥራ ነው። ግን ቁጥሩን እዩት፦ አርባ ሰዓት ከመነደፉ በፊት ያለውን ሳይጨምር፣ በአንጻሩ የአንድ ሁለት ቀን ሥራ። የባናው ዕድሜ አብዛኛው ያለፈው እንዝርት ላይ ነው።

ይህ የእኛ አገር ብቻ ነገር አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ በ18ኛው መቶ ዘመን የመፍተያ ማሽን ከመፈጠሩ በፊት አንድ ሸማኔን ሥራ ላይ ለማቆየት አራትና ከዚያ በላይ ፈታዮች ያስፈልጉ ነበር። የኢንዱስትሪ አብዮት የሚባለው ነገር ቀድሞ ከተጋፈጣቸው ችግሮች አንዱ ይኸው የክር እጥረት መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም።

በአማራ ደጋማ አካባቢዎች የቆየው ልማድ መፍተልን ለሴት፣ መሸመንን ለወንድ የሰጠ ነው። ሸማኔውም ቢሆን በክብር አልኖረም። ስድቡ እጅግ ከመብዛቱ የተነሳ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሸማኔን፣ ቀጥቃጭን፣ ቆዳ ፋቂንና ሌላውን ባለሙያ በሥራው መሳደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል። ሸማኔ የተሰደበው ግን ቢያንስ የሙያ ስም ስለነበረው ነው። ፈታይ የሚለው ቃል በቋንቋችን አለ፤ «ሥራሽ ምንድን ነው?» ተብላ «ፈታይ ነኝ» ያለች ሴት ግን ስንቷ ናት? ሥራው እንደ ሥራ አልተቆጠረም፣ «ቁጭ ባልኩበት» የሚደረግ ነገር ተባለ። ለእኔ ይህ ከስድቡ የባሰ ነው።

ስጋጃ ሲሆን

መሬት ላይ የሚነጠፈው ስጋጃ ላይ ስንደርስ ድንበሩ ላላ ይላል። ደብረ ብርሃን በሱፍ ስጋጃዋ የምትታወቅ ከተማ ናት፤ እንዲህ ባሉ የስጋጃ ሥራ ቤቶች ሴቶች ራሳቸው ዕቃው ፊት ተቀምጠው ይሠራሉ። ቆሞ የተወጠረው ድር ላይ ማጉን እየመቱ በማጥበቅ ድሩ እስኪሸፈን ድረስ መሥራት አንዱ ዘዴ ነው። ሌላው ድሩ ላይ አጫጭር ክር አንድ በአንድ እየቋጠሩ ጫፉን መቁረጥ ነው፤ እግራችሁ ስር ለስለስ የሚለው የቋጠሮዎቹ ጫፍ ነው። በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር 4 ቋጠሮ ብቻ ቢኖር አንድ ካሬ ሜትር ስጋጃ 40,000 ቋጠሮ ይፈልጋል። በደቂቃ 10 ብትቋጥር 67 ሰዓት ገደማ ነው።

በዓለም እስካሁን ከተገኙት ባለ ቋጠሮ ምንጣፎች ጥንታዊው ፓዚሪክ ይባላል። በ1949 እ.ኤ.አ. ሳይቤሪያ ውስጥ፣ አልታይ ተራሮች ላይ፣ በረዶ በሞላው መቃብር ውስጥ ተገኘ። ዕድሜው ከ2,300 ዓመት በላይ ነው፣ በካሬ ሴንቲ ሜትር 36 ቋጠሮ ገደማ አለው። በጠቅላላው ከአንድ ሚሊዮን በላይ! በረዶው ባይኖር አናየውም ነበር፤ ሱፍ ፕሮቲን ስለሆነ እርጥብ አፈር ውስጥ ይበሰብሳል፣ ደረቅ ቦታ ላይ ደግሞ ብል ይበላዋል። የብል ትል ብዙ እንስሳ የማይፈጨውን ኬራቲንን፣ ማለትም ፀጉሩ የተሠራበትን ፕሮቲን ሆዱ ውስጥ መፍታት የሚችል ልዩ ፍጡር ነው። ያንን ሁሉ ቋጠሮ የቋጠረው ሰው ስም አይታወቅም። የፋርስን ምንጣፍም ብትወስዱ ካሻን፣ ታብሪዝ እየተባለ በከተማ ይጠራል እንጂ በቋጠረችው ሴት ስም አይጠራም። እኛም «የመንዝ ባና» እንላለን።

«ስጋጃ» የሚለው ቃል ራሱ ደስ የሚል ታሪክ አለው። ከዐረብኛው የመስገጃ ምንጣፍ ስም የመጣ ነው። የዐረብኛው «ጀ» በግዕዝ «ገ» ስለሚሆን፣ የቃሉ ሥር ከእኛው «ሰገደ» ጋር አንድ ነው፣ «መስጊድ»ም የዚያው ዘመድ ነው። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቤት በሚኖሩበት ወሎ፣ ስጋጃና ስግደት ወንድማማች ቃላት መሆናቸው ያምራል።

ታዲያ ለምን እየጠፋ ነው?

የደጋችን በግ ሁለት ድርብ ልብስ አለው፦ ከላይ ረዘም ያለ ሻካራ ፀጉር፣ ከስር አጠር ያለ ለስላሳ። ተደባልቆ ሲሸለት ሻካራ ይሆናል፣ ጥቁርና ቡናማውም ይበዛል። የዓለም የልብስ ገበያ የሚፈልገው ግን እንደ ሜሪኖ በግ ያለ ቀጭንና ነጭ ሱፍ ነው፣ ምክንያቱም ነጩን እንደፈለጉ ይነክሩታል። በዚህ መለኪያ የወሎና የመንዝ ሱፍ «ዝቅተኛ» ይባላል። መለኪያው ሹራብ ነው። ለምንጣፍ ግን ሻካራነቱ ጥቅም ነው፤ ወፍራም ፀጉር ሲረገጥ ቶሎ አይተኛም፣ ተመልሶ ይቆማል።

ችግሩን በተሻለ በግ ለመፍታት ተሞክሯል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ላይ ሱፍ የሚጠቀም የብርድ ልብስ ፋብሪካ ተቋቋመ፣ ኋላም ከውጭ የመጡ የበግ ዝርያዎችን ከአገሬው ጋር ማዳቀል ተጀመረ። ከመጡት ውስጥ ከእስራኤል የመጣው አዋሲ የተሻለ ተቀባይነት ያገኘው ላት ስላለው ነው። ገበሬው በግ የሚያረባው በዋናነት ለሥጋና ለገበያ እንጂ ለፀጉር አይደለም፤ ላት የሌለው በግ ደግሞ ገበያ ላይ ማን ያየዋል?

ከዚያ የፋብሪካው ሰው ሠራሽ ብርድ ልብስ መጣ። ለስላሳ ነው፣ ቀላል ነው፣ አበባና አንበሳ ተሥሎበታል፣ ርካሽ ነው። እናቶቻችን ቢመርጡት አልፈርድም፤ 20 ምሽት ማረፍ ቀላል ነገር አይደለም። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ፖሊስተር ከነዳጅ ዘይት የሚሠራ ፕላስቲክ ነው፤ 260 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፣ ቀልጦም ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ሱፍ አይቀልጥም። ለመቀጣጠል 570 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋል፣ እሳቱ ሲርቅ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ራሱ ይጠፋል። በውስጡ ብዙ ናይትሮጅንና እርጥበት ስላለው ነው። ምድጃ ዳር ለሚተኛ ልጅ ይህ ልዩነት የመጽሐፍ ዕውቀት አይደለም። ቤታችሁ ያለው ብርድ ልብስ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ አንድ ክር መዛችሁ፣ ትልቅ ሰው ባለበት፣ ውሃ አጠገባችሁ አድርጋችሁ በመቆንጠጫ ይዛችሁ ለኩሱት። የተቃጠለ ፀጉር ከሸተተና አመዱ በጣት ከደቀቀ ሱፍ ነው፤ ሽታው የሚመጣው በፀጉሩ ውስጥ ካለው ድኝ ነው። ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ዶቃ ከሆነ ፕላስቲክ ነው።

አያታችሁ ቤት ባና ካለ ደግሞ ማስመሪያ ይዛችሁ ሂዱ። በአንድ ሴንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ድር፣ ስንት ማግ እንዳለ ቁጠሩ፣ ርዝመትና ስፋቱን ለኩ፣ ከላይ እንዳደረግነው አባዙት። ከዚያ «በሰዓት ስንት ሜትር» የሚለውን የእኔን ግምት ተዉትና ራሳቸውን ጠይቁ፦ አንድ እንዝርት ለመሙላት ስንት ምሽት ይፈጅባቸው ነበር? ፈቃደኛ ከሆኑ እንዝርቱን ያሲዟችሁ። የመጀመሪያዋ ክራችሁ ትበጠሳለች፣ ሁለተኛዋም።